ክራክ ነጻ አያወጣም

እኛ አገር ሶፍትዌር ውድ ሆኖ አያውቅም። ዊንዶውስ? ፍላሽ ላይ አለ። ኦፊስ? እሱም እዚያው ፍላሽ ላይ፣ ሌላ ፎልደር ውስጥ። ፎቶሾፕ፣ አውቶካድ፣ ኤስፒኤስኤስ፣ ፒችትሪ… ሰፈር ያለ ኮምፒውተር ቤት ገብታችሁ «ፎርማት አድርግልኝ» ካላችሁ፣ ማታ ላፕቶፓችሁን ስትወስዱ ሁሉም ተጭኖ ይጠብቃችኋል። የምትከፍሉትም የልጁን ድካም እንጂ የሶፍትዌሩን ዋጋ አይደለም። እንግዲህ አንድ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ «ኦፕን ሶርስ ተጠቀሙ፣ በነጻ ነው» ሲለን ፈገግ ብለን ብናልፈው አይፈረድብንም። በነጻውማ አለን!

የኦፕን ሶርስ ሰባኪዎቻችን የሚሸነፉት እዚህ ጋ ነው። ክርክሩን በዋጋ ይጀምሩታል፤ በዋጋ ደግሞ ክራክን የሚረታ የለም። አማርኛ ግን ለዚህ ክርክር የምትሆን አንዲት ፊደል ሰጥቶናል፦ «በ»። «በነጻ» ሌላ፣ «ነጻ» ሌላ። እስረኛም ቀለቡን በነጻ ነው የሚያገኘው።

ነገሩን ከሥሩ ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ምንጭ ኮድ ማለት ፕሮግራመሩ የጻፈው፣ ሌላ ፕሮግራመር አንብቦ የሚረዳው ጽሑፍ ነው። ዝግ ሶፍትዌር እጃችሁ የሚገባው ይህ ጽሑፍ ማሽን ብቻ ወደሚያነበው ቁጥር ከተለወጠ በኋላ ነው። ውስጡን ማየት አትችሉም፤ መቀየርና ለጎረቤት ማካፈልም ክልክል ነው። ክፍቱ ጽሑፉን ራሱን ከነፈቃዱ ይሰጣችኋል፦ ተጠቀሙበት፣ መርምሩት፣ ቀይሩት፣ አካፍሉት። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 የግኑን ፕሮጀክት ሲያውጅ «ሶፍትዌር ተወደደ» ብሎ አልነበረም የተነሳው። ኤምአይቲ ውስጥ ይሠራበት የነበረው ቤተ ሙከራ አንድ ፕሪንተር ነበረው፤ ወረቀት እየነከሰ ያስቸግራል። ስቶልማን ወረቀት ሲነከስ ለተጠቃሚዎቹ መልእክት የሚልክ ኮድ ሊጨምርበት ፈለገ፤ ምንጩን የሚሰጠው ግን አጣ። ያ ፕሪንተር ለቤተ ሙከራው በስጦታ የመጣ ነበር። በነጻ ማለት ነው።

እስቲ ክራካችንን በዚህ ዓይን እንየው። ክራክ ስትጭኑ የመመሪያው የመጀመሪያ ትእዛዝ ምንድን ነው? «አንቲቫይረሱን አጥፋ።» ዘበኛውን አሰናብታችሁ፣ ስሙን እንኳ ለማታውቁት ሰው በሩን ክፈቱለት እንደማለት ነው። ሁለተኛው ትእዛዝ «አፕዴት እንዳታደርግ» ይላል። አፕዴት ካደረጋችሁ ፈቃድ የሌለው መሆኑ ይታወቃላ! እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስ በመላው ዓለም የሆስፒታልና የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮችን ፋይል ቆልፎ ቤዛ ሲጠይቅ፣ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት ካወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። አፕዴት ለዘጋ ማሽን ግን ያ ሁለት ወር ምንም አልጠቀመውም። ሩቅም አትሂዱ፤ ፍላሻችሁ ውስጥ ያለው ፎልደር ሁሉ ሾርትከት ሆኖ የጠበቃችሁን ቀን አስታውሱ። የመመረቂያ ጽሑፉን በዚያ ያጣ ተማሪ የማያውቅ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

እሺ፣ አደጋው ይቅር። ሌላ የማይነገር ነገር አለ፦ ክራክ የዝግ ሶፍትዌር ጠላት አይደለም፤ ደላላው ነው። ቢል ጌትስ እ.ኤ.አ. በ1998 ስለ ቻይና ሲናገር ይህንኑ ሳይደብቅ ነግሮናል፦ ሰዎቹ አሁን አይከፍሉም፣ ግን መስረቃቸው ካልቀረ የእኛን ቢሰርቁ ይሻላል፣ ይለምዱታል፣ የምናስከፍልበትን መንገድ ደግሞ ወደፊት እናገኛለን የሚል ይዘት ያለው ንግግር ነበር። ቃሉን ያዙልኝ፦ ይለምዱታል። እኛም ለመድነው። የአካውንታንት የሥራ ማስታወቂያ አንብቡ፤ «የፒችትሪ ዕውቀት ያለው/ያላት» ይላል። ፒችትሪ የሚባለው ምርት ስሙ ወደ ሴጅ 50 ከተለወጠ ስንት ዓመቱ! ኩባንያው ራሱ የተወውን ስም እኛ የሙያ መመዘኛ አድርገነዋል። አሰልጣኙ በክራክ ያስተምራል፣ ሰልጣኙ በክራክ ይለማመዳል፣ ቀጣሪው በክራክ ያሠራል። ሦስቱም አልከፈሉም፤ ሦስቱም ግን ከዚያ ሶፍትዌር መውጣት አይችሉም። ነገ አንድ ሕጋዊ ድርጅት እንሁን ሲሉ፣ ከውጭ ድርጅት ጋር ሲዋዋሉ፣ ኦዲት ሲመጣ፣ የሚከፈለው በዶላር ነው። በክራክ የተገኘ ነገር የሰው ወርቅ ነው፤ የሰው ወርቅ ደግሞ አያደምቅም።

የዚህ ሁሉ ትልቁ ማስረጃ ግን ከሲሊከን ቫሊ መምጣት የለበትም። ፊደላችን ላይ የሆነውን ማየት ይበቃል።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ90ዎቹ ኮምፒውተር አማርኛ እንዲጽፍ ያደረጉ ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል፤ ይህን ሳይሉ ማለፍ ግፍ ነው። የተሰጣቸው ቦታ ጠባብ ነበር። የዚያን ጊዜ ፎንት ከ256 በላይ ምልክት አይዝም፤ ከዚያም ላይ ብዙው አስቀድሞ የተያዘ ነው። ፊደላችን ደግሞ ከነዲቃላዎቹ፣ ከነቁጥሮቹና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከ300 ይበልጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ አዘጋጅ የመሰለውን ዘዴ ፈጠረ። አንዱ ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት አከፋፈለ፤ ሌላው የፊደሉን አካል ለብቻ፣ እግሩንና ቀለበቱን ለብቻ አስቀምጦ ገጣጠመ። አንዱ «ለ»ን ያስቀመጠበት ቦታ ላይ ሌላው «መ»ን አስቀመጠ። ፓወር ግእዝ፣ ቪዥዋል ግእዝ፣ ሌሎችም ብዙ ነበሩ፤ እያንዳንዱ የየራሱ ኮድ ነበረው።

ይህ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ልብ በሉ። ጸሐፊዋ ደብዳቤ ጽፋ ሴቭ ስታደርግ ዲስኩ ላይ የተቀመጠው አማርኛ አልነበረም። የተቀመጠው የላቲን ፊደል፣ ቅንፍ፣ የዶላር ምልክትና መደመሪያ ነው። አማርኛ መስሎ የሚታየው ፎንቱ ጭንብል ስላለበሰው ብቻ ነው። ፎንቱን የሌለው ሰው ጋ ስትልኩት ጭንብሉ ይወልቅና ምን እንደሆነ የማይታወቅ ጉድ ይወጣል። ፎንቱ ደግሞ ሸቀጥ ነው፤ የሚገዛ፣ ወይም በለመድነው መንገድ የሚሰረቅ። ሀሁን የፈጠረ ኩባንያ የለም። ደብተራው ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ ሲገለብጥ «ፈቃድህ የት አለ?» ያለው አልነበረም። ኮምፒውተር ሲመጣ ግን የራሳችንን ደብዳቤ ለማንበብ የሌላ ሰው ቁልፍ ያስፈልገን ጀመር።

ጉዳቱ ዛሬም አለ። የዚያን ዘመን የአማርኛ ፒዲኤፍ ከፍታችሁ አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርጉና ፔስት አድርጉት። የሚወጣውን ታውቁታላችሁ። ዓይናችሁ አማርኛ ያየበት ገጽ ለፍለጋ ሞተር አማርኛ አይደለም። ጋዜጣው፣ ጥናቱ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔው፣ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ ቃለ ጉባኤው… በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው በእነዚያ ዓመታት ሲተይብ ውሎ ያደረው ብዙ ነገር ተጽፏል፣ ግን አይፈለግም፤ ስለማይፈለግ አይገኝም። አሁን ደግሞ ሁሉም ሰው «ለምንድን ነው አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አማርኛ የማይችለው?» እያለ ያማርራል። ሌላም ሌላም ምክንያት አለው፤ አንዱ ግን ይሄ ነው። ከጽሑፋችን ብዙው በላቲን ጭንብል ሥር ተቀብሯል።

ከዚህ ያወጣን ምንድን ነው? መጀመሪያ ደረጃው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል 345 ቦታ ሰጠ። ዩኒኮድ ራሱ ሶፍትዌር አይደለም፤ ማንም ሳይከፍል የሚከተለው የጋራ ስምምነት ነው። «ለ» ከእንግዲህ አዲስ አበባም ዋሽንግተንም ቴል አቪቭም አንድ ቁጥር ነው ማለት ነው። ግን ስምምነት ብቻውን ፊደል አይስልም፤ ፎንትና ኪቦርድ ይፈልጋል። ዊንዶውስ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣው ከቪስታ ጋር፣ በ2007 መጀመሪያ ነው። ከሰባት ዓመት በላይ! ያን ክፍተት ከሞሉት መካከል ሰዎች በግል ድካም ሠርተው የለቀቋቸው ፎንቶች ይገኙበታል። ዛሬ አቢሲኒካ ኤስአይኤል እና የጉግል ኖቶ የግዕዝ ፎንቶች በክፍት ፈቃድ ለሁሉም ይሰጣሉ። በአንድሮይድ ስልክ እያነበባችሁ ከሆነ፣ የመጽሔቱ አዘጋጆች ሌላ ፎንት ካልመረጡ በቀር፣ አሁን ዓይናችሁ ሥር ያለው ፊደል ኖቶ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ኪማን የሚባለውንም ውሰዱ። ለዓመታት የአንድ አነስተኛ ኩባንያ ሸቀጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤስአይኤል ገዛውና በኋላ ምንጩን ከፍቶ ለቀቀው። ዛሬ በኪማን ላይ የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የሠራቸው ኪቦርዶች አሉ፤ የአማርኛና የትግርኛ ብቻ አይደሉም፣ ለአውንጊና ለኽምጣንጋ፣ ለሰባት ቤት ጉራጌም አሉ። አሁን ንገሩኝ፦ የትኛው ኩባንያ ነው የኽምጣንጋ ኪቦርድ ሸጦ የሚያተርፈው? ትርፍ ከሌለው የሚሠራው የለም። ዝግ ሶፍትዌር ትንሽ ቋንቋን ስለሚጠላ አይደለም፤ ቋንቋን የሚያየው በገበያ ቁጥር ስለሆነ ነው። በ2021 ለጉራጊኛ አጻጻፍ 28 ተጨማሪ ፊደሎች ዩኒኮድ ውስጥ ሲገቡ፣ ክፍት ፎንት ያለው ሰው ራሱ ሥሎ መጨመር ይችል ነበር። ዝግ ፎንት ያለው ሰው ምርጫው ኩባንያውን መለመን ነው።

ጳጉሜንም እንዲሁ። ቀን የሚቆጥር ሶፍትዌር ጽፎ የሚያውቅ ሐበሻ ሁሉ አሥራ ሦስተኛ ወር የማያውቅ ፕሮግራም ፊት ቆሞ ተናዷል። አይሲዩ የሚባለው ክፍት የኮድ ስብስብ ግን የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል፤ አንድሮይድ ውስጥ አለ፣ ክሮም ውስጥ አለ፣ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ዊንዶውስ ራሱ ውስጥም አለ። ዝጎቹ የቆሙበት መሠረት በአብዛኛው ክፍት ነው፤ ይህን ሲያስተዋውቁ ግን አንሰማም።

«ታዲያ የእኔ ፎቶሾፕ ማንን ጎዳ?» የሚል ይኖራል። እንግዲህ ሁለት ነገር ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2009 አማዞን ሰዎች ገዝተው ኪንድላቸው ላይ ያስቀመጡትን መጽሐፍ ከሩቅ ሆኖ አጠፋው። መጽሐፉ ደግሞ፣ ማን ያምናል፣ የጆርጅ ኦርዌል «1984» ነበር። ሻጩ መብት አልነበረውም ተባለ፣ ገንዘቡም ተመለሰ፤ ግን እጃችሁ ውስጥ ያለ ነገር ከሲያትል ሊጠፋ እንደሚችል ታወቀ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ደግሞ አዶቢ በአሜሪካ መንግሥት ማዕቀብ ምክንያት የቬኔዙዌላን ተጠቃሚዎች አካውንት በሙሉ እዘጋለሁ ብሎ ቀን ቆረጠ። የከፈሉትንም ጭምር! በመጨረሻ ከመንግሥት ፈቃድ አግኝቶ ተወው እንጂ፣ የአንድ አገር ዲዛይነር ሁሉ ለሳምንታት እንጀራውን በሰው ደጅ አንጠልጥሎ ሰነበተ። ማዕቀብ የሚለው ቃል ለእኛ ጆሮ እንግዳ ነው እንዴ?

በጥራት በኩል አልዋሽም። «ጂምፕ ፎቶሾፕን ሙሉ በሙሉ ይተካል» የሚለኝን ሰው አላምነውም፤ በተለይ ለማተሚያ ቤት ሥራ። አንዳንድ ክፍት ሶፍትዌር ፊቱ ያስፈራል፣ ሜኑው ያደናግራል፣ ፎረሙ ላይ ጥያቄ ብትጠይቁ «መጀመሪያ ማኑዋሉን አንብብ» የሚል ጎረምሳ ይጠብቃችኋል። ግን «ክፍት ስለሆነ ዝቅተኛ ነው» የሚለውን ብሌንደር አፍርሶታል። ብሌንደርን የሠራው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲከስር፣ ፈጣሪው ቶን ሮዘንዳል ምንጩን ከባለሀብቶቹ ለማስለቀቅ 100,000 ዩሮ ከሕዝብ ጠየቀ፤ በሰባት ሳምንት ሞላ። ዝግ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ከኩባንያው ጋር ይቀበር ነበር። በ2025 ኦስካር ያሸነፈው የላትቪያው አኒሜሽን ፊልም «ፍሎው» የተሠራው በዚያው ብሌንደር ነው። አዲስ አበባ ያለ ልጅ ዛሬ ማታ ያንኑ መሣሪያ፣ ያንኑ ስሪት፣ ሳይሰርቅ ማውረድ ይችላል። ኔትወርኩ ከፈቀደለት፣ በእርግጥ።

ከጥራት ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። «ኮዱ ክፍት ስለሆነ ሺህ ዓይን ያየዋል» ይባላል። ዓይን ግን በራሱ አያይም፤ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ብዙ ሊነክሶች ላይ የሚገኘውን ኤክስዜድ የሚባል ትንሽ መሣሪያ ለዓመታት የተሸከመው በአብዛኛው አንድ የደከመው ሰው ነበር። አንድ ማንነቱ ያልታወቀ «ረዳት» ቀርቦት፣ ከሁለት ዓመት በላይ ታግሦ አመኔታ አግኝቶ፣ ድብቅ በር አስገባበት። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 የተገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ኢንጂነር ወደ ማሽኑ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት ስላየና ነገሩን ስላልተወው ነው። ተቀጣሪነቱ የማይክሮሶፍት መሆኑ ደግሞ የታሪኩ ቅመም ነው። ምንጩ ክፍት ባይሆን ቆፍሮ ሊያገኘው አይችልም ነበር፤ እሱ ባይቆፍር ደግሞ ክፍትነቱ ብቻ አያድነንም ነበር።

ደቦን የሚያውቅ ሰው ይህ አይከብደውም። ደቦ የመጣ ሰው አጭዶልህ፣ ጠላህን ጠጥቶ ይሄዳል፤ የእሱ ቀን ሲደርስ አንተ ካልተገኘህ ግን ስምህ በሰፈሩ ይጠፋል። እኛ እስካሁን ከዓለም ደቦ ጠላውን ጠጥተን የምንሄድ ነን። አንድሮይዳችን የተሠራው ሊነክስ ላይ ነው። ዌብሳይታችን የሚኖረው ሊነክስ ሰርቨር ላይ ነው። ሊብረ ኦፊስ የአማርኛ ሜኑ አለው፤ ማነው ከፍቶ ያየው? ትርጉሙ ውስጥ የማይጥም ቃል ካለ፣ ለምሳሌ ማንም የማይለው የአማርኛ ቃል ለ«ሴቭ» ተሰጥቶ ከሆነ፣ ገብቶ ማስተካከል ይቻላል። የዝጉን ሜኑ ግን ዕድሜ ልክ ስታሾፉበት ትኖራላችሁ።

መንግሥትስ? የሚገርመው፣ እዚህ ላይ ከወጣቱ ቀድሟል። የጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ የሚሰበስበው በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በሚመራው ክፍት ሶፍትዌር፣ በዲኤችአይኤስ 2 ነው። ፋይዳ መታወቂያችን የቆመው ሞሲፕ በሚባል፣ ባንጋሎር ውስጥ በተጀመረ ክፍት መድረክ ላይ ነው። መድረኩ ክፍት ስለሆነ መረጃችን በጥንቃቄ ተይዟል ማለት እንዳልሆነ ግን ይታወቅ፤ ያ የሕግና የተጠያቂነት ጉዳይ ነው፣ ክርክሩም ሌላ ነው። ቢያንስ ግን የጣት አሻራችን የተቀመጠበት ሥርዓት ነገ የአንድ ሻጭ የዋጋ ጭማሪ መያዣ አይሆንም። መሠረቱን አንብቦ የሚተች ኢትዮጵያዊ ባለሙያም ከማንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ማንበብ ይችላል። ያን ባለሙያ ማን ያሠለጥነው?

ዩኒቨርሲቲዎቻችን ያሠለጥኑት ነበር። የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍሎቻችን ግን በየዓመቱ የሚያደርጉትን እናውቃለን። አራተኛ ዓመት ላይ ተማሪው በቡድን ሆኖ ፕሮጀክት ይሠራል፦ የላይብረሪ ማኔጅመንት ሲስተም፣ የክሊኒክ ማኔጅመንት ሲስተም፣ የቀበሌ መታወቂያ ሲስተም። አምና የተሠራው የላይብረሪ ሲስተም ዘንድሮ ሀ ብሎ እንደገና ይሠራል፤ የአምናውን ኮድ አይቶ ከቆመበት የሚቀጥል የለም፣ ምክንያቱም የአምናው ኮድ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። አንዱ ትምህርት ክፍል «ከዘንድሮ ጀምሮ ኮዱ በክፍት ፈቃድ ኢንተርኔት ላይ ካልወጣ ማርክ የለም» ቢል የሚያስፈልገው የመምህራን ስብሰባና አንድ ቃለ ጉባኤ ብቻ ነው። በጀት አይጠይቅም፣ ዶላር አይጠይቅም። አሁን ያለው አሠራር ግን ይሄ ነው፦ ጽሑፉ ይታተማል፣ በጠንካራ ሽፋን ይጠረዛል፣ ኮዱ በሲዲ ተገልብጦ በጀርባው ሽፋን ኪስ ውስጥ ይገባል፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ሲዲ የሚያነብ ኮምፒውተር ግቢው ውስጥ መቅረቱንም እንጃ።